ንጹሕ ውሃ የገደላቸው ዓሦች

ነገሩ የሆነው ፋሲካ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ቤቱ ለበዓል ይጸዳል፤ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይወጣል፣ የቡፌው ብርጭቆ አንድ በአንድ ይታጠባል። ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። የቤቱ እመቤት ሠራተኛዋን ጠራችና «እስቲ ይሄንንም አንድ በይው፤ እንግዳ መጥቶ ያየዋል» አለቻት።

ልጅቷ ታዛዥ ናት። ዓሦቹን ከነውሃቸው በባልዲ አስቀመጠች፤ የቀረውን ቢጫ የመሰለ ውሃ ደፋች፤ ጠጠሩን አጠበች፤ መስታወቱን ፈተገች፤ ከቧንቧ ኩልል ያለ ውሃ ሞላችበት። ከዚያ ዓሦቹን፣ እንግዳ እንዳይሆኑ ብላ፣ ከነባልዲው ውሃ መልሳ ጨመረቻቸው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ አደነቀ። የተገዛ ዕለት እንኳ እንዲህ አላማረም ተባለ። ማታ ላይ ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። «ደስ ብሏቸው ነው» አለ ትንሹ ልጅ። ሲነጋ ከ13ቱ 11ዱ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈው ተገኙ።

ፍርዱ የተሰጠው ቁርስ ሳይቀርብ ነው። በረኪና ጨምራበታለች፤ ካልሆነም በሳሙና አጥባዋለች። ልጅቷ ማለች፣ ተገዘተች። ማን ሰምቷት! የዓሦቹ ዋጋ በሁለት ወር ከደመወዟ ላይ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ታሪኩን ያጫወተኝ አባወራው ራሱ ነው፤ ያጫወተኝም ስለ ዓሣ ሊነግረኝ ፈልጎ ሳይሆን ስለ ዘመኑ ሠራተኞች ሊያማርር ነው።

እኔ ግን ዓሣው ላይ ቀረሁ። «ከዚያ በፊት ውሃው የተለወጠው መቼ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል! ሲጎድል እንሞላዋለን እንጂ ለውጠነው አናውቅም» አለኝ፤ ኩራትም ነበረበት። «አዲስ ዓሣ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ?» «አዲሶቹማ ሁለት ቀን አይቆዩም፤ ሻጮቹ በሽተኛ ነው የሚሸጡልን። የድሮዎቹ ግን ብረት ነበሩ!»

ነገሩን የምትፈታው ይቺ የመጨረሻዋ መልስ ናት። በአንድ ውሃ ውስጥ የድሮው እንደ ብረት ቆሞ አዲሱ በሁለት ቀን የሚሞት ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ዓሣው ሳይሆን ውሃው ነው። ገንዳ ይዘው የቆዩ ሰዎች ይህን ታሪክ ገና ግማሹን ሲሰሙ ያውቁታል። የአሮጌ ገንዳ በሽታ ይሉታል። እንዴት እንደሚመጣ ላስረዳ፤ ትንሽ ኬሚስትሪ አለበትና አንባቢ ይታገሠኝ።

ለዓሣ የሚኖርበት ውሃ ቤቱም አየሩም ሽንት ቤቱም ነው። የሰውነቱን ቆሻሻ በአብዛኛው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ በኩል፣ አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። ከተረፈው ምግብና ከኩሱ የሚበሰብሰውም መጨረሻው አሞኒያ ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። በወንዝ ቢሆን ውሃው ይዞት ይሄዳል፤ በገንዳ ግን መሄጃ የለውም። እዚህ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይደርሳሉ። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሰፍረው፣ አንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ይህ ማኅበር እስኪቋቋም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። (ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን ገዝቶ፣ በሳምንቱ ዓሣውን ቀብሮ፣ «እኔ እጄ ለዓሣ አይሆንም» የሚለው ሰው ብዛቱ ለዚህ ነው።)

ታዲያ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን በሠሩ ቁጥር ውሃው ውስጥ አሲድ ይጨምራሉ። ውሃው መጀመሪያ ላይ ይቋቋመዋል፤ ከአፈርና ከድንጋይ ይዞት የመጣ የካርቦኔት ስንቅ አለውና አሲዱን እያከሸፈ ይቆያል። ስንቅ ግን ያልቃል። የተነነውን መሙላት ደግሞ መለወጥ አይደለም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል፤ በሙሌቱ የሚገባው ስንቅም ለአሲዱ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ገንዳው እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ይሆናል። ዛሬና ትናንት አንድ ይመስላሉ።

አሲድነት የሚለካበት ፒኤች የተባለው ሚዛን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ያመጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ሲሆን፣ ይሠራ የነበረው ኮፐንሃገን ውስጥ የካርልስበርግ ቢራ ባለቤት ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ነው። ከቢራ ቤት ምን አይወጣም! 7 መሐል ሰፋሪ ነው፤ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። ሰው የሚታለለው ቁጥሮቹን እንደ ሜትር ሲያያቸው ነው። ከ7 ወደ 6 ሲወርድ አሲድነቱ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ወደ 5 ሲወርድ መቶ እጥፍ። የኛ የራሳችን ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከ7 በታች ከወረደ ሐኪም የሚሯሯጠው ለነፍስ ነው።

እንግዲህ የገንዳው ውሃ ወደ 6 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛ፣ ባክቴሪያዎቹ ሥራ እየፈቱ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ አሞኒያው መጠራቀም ይጀምራል። ሁለተኛ፣ አሲዱ ራሱ አሞኒያውን ያስረዋል። አሞኒያ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አሞኒየም ወደሚባል፣ ዓሣን ብዙም ወደማይጎዳ መልክ ይቀየራል። ቁጥሩን ልስጥ፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤቹ 6 በሆነ ውሃ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከሺህ አንድ አይሞላም። 7 ሲሆን ከመቶ ግማሽ ያህል ነው። 8 ሲደርስ ከመቶ አምስት ይሆናል። 9 ላይ ከሦስት አንድ እጅ ያልፋል። መርዙ አለ፤ ግን ታስሯል። እነዚያ «ብረት» የተባሉ ዓሦች ይኖሩ የነበረው በዚህ ዕርቅ ላይ ነው። ከገበያ የመጣው አዲስ ዓሣ ግን ከ7.5 ውሃ ተነሥቶ ወደ 5.5 ይወረወራል። መቶ እጥፍ! ድንገት አሲድ ውስጥ የገባ ዓሣ የሰውነቱን ጨው በስንጥቡ በኩል ያፈስሰዋል። በሁለተኛው ቀን ይሞታል፤ ሻጩ ይሰደባል።

አሁን ልጅቷን አስቧት። ከቧንቧ የቀዳችው ውሃ ስንቁን ይዞ የመጣ ውሃ ነው። ገንዳው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ5.5 ወደ 7.5 ተሻገረ እንበል። በባልዲው የቀረው የድሮ ውሃ የገንዳው ሩብ ያህል ነው፤ ስለዚህ የተጠራቀመው አሞኒያ በአራት ተካፍሏል። ነገር ግን ታስሮ ከነበረው ውስጥ የሚፈታው ክፍል መቶ እጥፍ ያህል ጨመረ። ሒሳቡን ብትሠሩት ዓሦቹን የገጠማቸው መርዝ ከትናንቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ውሃው ግን ከትናንቱ በብዙ የጠራ ነው። ውሃው ስለተደፋ አሁን የሚለካ ነገር የለም፤ ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉ። ለኛ ጤና ተብሎ በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ጠጠሩ በቧንቧ ውሃ ሲታጠብም የተረፉት ባክቴሪያዎች አብረው ይሄዳሉ። ምስክሮቹ ሁሉ ሲደመሩ ግን ዓሦቹ ለመሞት በረኪናም ሳሙናም አላስፈለጋቸውም።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ማን ገደላቸው?

ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ፍርድ ነበር። ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይወጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። ነገር ግን ጥፋት ስንፈልግ አሁንም የምናየው የመጨረሻውን እጅ ነው። «ደህና ነበር እኮ፤ ሆስፒታል ገብቶ ሞተ» እንላለን፤ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ስላለፉት ሦስት ዓመታት ማንም አያነሳም። አሥር ዓመት የተዘጋ መሳቢያ የከፈተ አዲስ ኃላፊ ሽታው በሱ ስም ይጻፋል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይባላል፤ በገንዳ ግን አናቱም ጅራቱም ከመግማታቸው በፊት የሚበላሸው ማንም የማይጠራው ውሃ ነው።

ቋንቋችንም ያግዘናል። አንድ ሰው ሲወነጀል መጀመሪያ የሚለው «እኔ ምን አደረግሁ?» ነው። አለማድረግ ንጽሕና ነው እንደማለት። በዓሣ ገንዳ ፊት ይህ መከላከያ አይሠራም። የዓመት ከመንፈቁ ጥፋት በሙሉ ባልተደረገ ነገር የተሠራ ነው። ባልተለወጠ ውሃ፣ ባልተገዛ የመለኪያ ወረቀት፣ ባልታየ ማጣሪያ። የልጅቷ ጥፋት፣ ጥፋት ከተባለ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ትእዛዝ ነበር። ለኔ እንደሚታየኝ፣ አንድን ፍጥረት ከወንዙ አውጥቶ በአራት መስታወት የከበበ ሰው «አላደረግሁም» ማለት የማይፈቀድለት ሰው ነው። ወንዙ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ተረክቧላ! ዝናቡም ጎርፉም እሱ ነው። ዝናብ ዓመት ከመንፈቅ ቢጠፋ ድርቅ እንላለን እንጂ «ዝናቡ ምንም አላደረገም» አንልም።

ከሳሎን ስንወጣም ነገሩ ያው ነው። አብያታና ሻላ ጎረቤት ሐይቆች ናቸው። በሻላ ደሴት ላይ የሚራቡ ፔሊካኖች፣ ሻላ የሚበቃቸው ዓሣ ስለሌለው፣ እየበረሩ አብያታ ሄደው ይመገቡ ነበር። ከዚያ ወደ አብያታ ከሚወርደው ውሃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ከሐይቁ ከራሱ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ተሳበ፤ ሐይቁ ሸሸ። የቀረው ውሃ ጨውነቱና አልካላይነቱ እየከረረ ሄደ። አቅጣጫው ከገንዳው ተቃራኒ ነው፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው። ዓሣው ጠፋ፤ ወፎቹም ምግባቸው ጠፋባቸው። እዚያ ውስጥ «በዚህ ቀን፣ እገሌ ገደለው» የሚባል ነገር የለም። ሌባ ሻይ የጠጣው ልጅ ሐይቁን ቢዞር የሚወድቅበት ቤት አያገኝም።

ኬሚስትሪውን ለወዳጄ በቡና ሰዓት አስረዳሁት። ብልህ ሰው ነው፤ ወዲያው ገባው። ከዚያ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ እሷስ ለምን አልጠየቀችንም?» የተቆረጠባትስ ገንዘብ ስለው፣ «እሱማ አንዴ ተቆርጦ አለቀ። ደግሞ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለምዳናለች» አለኝ።

«ለምዳለች»፣ «ለምዶታል»፣ «ለምደውታል»። ዓሦቹም ለምደው ነበር እኮ። ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ ሰው ሲቀርብ ወደ መስታወቱ ይመጣሉ። መልመድ እውነት ነው፤ ዓሣ ከሰው የበለጠ ይለምዳል። ኬንያ ውስጥ ማጋዲ በሚባለው ሐይቅ ፒኤቹ 10 ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ የሚኖር የቆሮሶ ዘመድ ዓሣ አለ። በዚያ ዓይነት ውሃ አሞኒያ ከሰውነት አልወጣ ስለሚል፣ ይህ ዓሣ ቆሻሻውን እንደ እኛ ዩሪያ አድርጎ ያስወጣዋል። ይገርማል። ግን ይህ ስፍር ቁጥር በሌለው ትውልድ የመጣ ለውጥ ነው። የሳሎኑ ዓሣ በአንድ ዕድሜው የሚያደርገው ሌላ ነው። የሚያጣውን ጨው ለመተካት ሌት ተቀን ይሠራል፤ ለማደግ፣ ለመራባት፣ በሽታ ለመቋቋም የነበረው ጉልበት እዚያ ያልቃል። ስለዚህ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ክንፉን ወደ ሰውነቱ ይሰበስባል፣ እንቁላል አይጥልም፣ በትንሽ ሰበብ ይታመማል። ከውጭ ለሚያየው ለምዷል። እሱ ግን በየቀኑ እየከፈለ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ምን ያድርግ? እዚህ ነው ከባዱ። ቢተወው ግፍ ነው። አንዴ ቢያስተካክለው ይገድለዋል። ልምድ ያላቸው የሚያደርጉት ሦስተኛውን ነው። በመጀመሪያ መለካት፤ ከዚያ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከገንዳው ውሃ ከመቶ አምስት ወይም አሥር ያህሉን ብቻ መለወጥ፤ እንደገና መለካት። የተጠራቀመው አሞኒያ ፒኤቹ ከፍ ከማለቱ ቀድሞ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የዓሣውም ሰውነት ይከተላል፤ ባክቴሪያዎቹም ይነቃሉ። ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የሰማ ሰው በዚህ ይስማማል።

ይህቺን ተረት ግን በጣም የሚወዳት ማን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የገንዳው ባለቤት ነው። ደመወዝ ጨምሩላት ሲባል «ቀስ ብለን»። ከኩሽና ወለል ላይ አልጋ ላይ ትተኛ ሲባል «ቀስ ብለን፤ ድንገት ካደረግነው ትበላሻለች»። ይቺ «ትበላሻለች» ከዓሣ ገንዳ የተዋሰች ትመስላለች። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዓሣ አይጠየቅም፤ ምን ያህል እንደሚችል የምናውቀው ስንጥቡ ሲፈጥን አይተን ነው፤ የዝግታው ልክ የሚወጣው ከሱ ሰውነት ነው። ሰው ግን አፍ አለው። የሰውን ዝግታ ልክ ባለቤቱ ሲወስነው ነው ነገሩ የሚበላሸው። ደግሞ ዝግታም ቢሆን ምልክት አለው። ዓሣውን ቀስ ብሎ የሚያድን ሰው ዛሬ ስንት ሊትር እንደለወጠ፣ ነገ ስንት እንደሚለውጥ ይነግራችኋል። ዛሬ ምንም ያልለወጠው ሰውዬ ገና አልጀመረም።

በተቃራኒው ደግሞ ቁጥር አሳዳጆች አሉ፤ እነሱንም ሳላነሣ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። መለኪያ ገዝተው «ለዚህ ዓሣ 6.8 ነው የሚስማማው» የሚል አንብበው እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ጧት የፒኤች መቀነሻ ጠብታ ይጨምራሉ፤ ውሃው ስንቅ ካለው ማታ ተመልሶ ይወጣል፤ ማታ እንደገና ይጨምራሉ። ዓሣው በቀን ሁለት ጊዜ አገር ይቀይራል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለው እነሱን ሳያውቅ አይደለም የተነገረው። እውነት ነው፣ ዓሣ የትውልድ ውሃ አለው፤ ኒዮን ቴትራ የመጣው ከአማዞን ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ነው፣ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች የለመዱት ማዕድን የበዛበትን አልካላይን ውሃ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ገንዳ ማኖር አንዱን መበደል ነው። ነገር ግን ገንዳ ውስጥ የተራባ አብዛኛው የገበያ ዓሣ ትክክለኛውን ቁጥር ሳይሆን የማይዋዥቀውን ቁጥር ነው የሚፈልገው። ሳይናወጥ 7.6 ላይ የሚኖር፣ 6.8ን እያሳደዱ ከሚያንገላቱት ይሻላል። በአዲስ አበባ ደግሞ የገፈርሳና የለገዳዲ ግድብ ውሃ ሌላ፣ የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ሌላ ነው፤ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ማዕድኑ ይበዛል። ስለዚህ የሰፈራችሁን ውሃ ለክታችሁ በዚያ የሚኖር ዓሣ መምረጥ፣ ዓሣ መርጣችሁ ውሃውን ከማስገደድ ይቀላል።

«ከነጭራሹ ለምን ይያዛሉ?» የሚል አይጠፋም፤ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የጣሊያኗ ከተማ ሞንዛ ዓሣ በክብ ብርጭቆ ማኖርን ከለከለች፤ ጠማማ መስታወት ለዓሣው ዓለምን አጣምሞ ያሳየዋል ከሚል ነው። በወቅቱ ብዙ ሰው ሳቀባቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ2003፣ በስኮትላንድ ተመራማሪዎች ትራውት በሚባል ዓሣ ከንፈር ውስጥ የንብ መርዝና የኮምጣጤ አሲድ ወግተው አይተው ነበር፤ ዓሦቹ ምግብ ትተው አሲድ የተወጋውን ከንፈራቸውን ጠጠር ላይ ያሹ ነበር። ያንን ሕመም ብሎ መጥራት ይገባል አይገባም በሚለው ክርክሩ አላበቃም። እኔ በበኩሌ ከንፈሩን ጠጠር ላይ የሚያሽ ፍጥረት ስሙ እስኪወጣለት አልጠብቅም። ይሁን እንጂ ገንዳን ሁሉ እስር ቤት ነው አልልም። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 ያሳተመው ሙከራ ሁለት ወርቃማ ዓሣ፣ አንድ የውሃ ውስጥ ተክልና የወደቀውን ቅጠል የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ብቻ ነበሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ሳይጨመሩ በፊት የበሰበሰው ቅጠል ውሃውን ያበላሸው ነበር። ከዚያ ገንዳ ፊት የቆመ ሰው አንዱ ባንዱ እንዴት እንደሚኖር በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ልጆቻችን ያንን ቢያዩ እወዳለሁ። ገንዳ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቤት ዕቃ ከሆነ ግን እውነተኛ ሥዕል ቢሰቀል ይሻላል፤ ሥዕል ውሃ አይፈልግም።

እቤታችሁ ውሃው ሳይለወጥ ወራት ያሳለፈ ገንዳ ካለ፣ ለበዓል ብላችሁ አትንኩት። የፒኤችና የአሞኒያ መለኪያ ወረቀት ፈልጉ። የሁለቱን ውሃ፣ የገንዳውንና የቧንቧውን፣ ለኩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ቁጥር ካለፈ በባልዲ ሳይሆን በጆግ ነው የምትጀምሩት። የቧንቧውን ውሃ በፊት ለፊቱ ቀን ቀድታችሁ ሳትከድኑ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይወጣለታል። ማጣሪያውን ማጠብ ካለባችሁ ከገንዳው በተቀዳው አሮጌ ውሃ እጠቡት እንጂ ቧንቧ ሥር አትያዙት። ምግብ ቀንሱ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይበሉት ምግብ ነገ አሞኒያ ነው። ሁሉ ከተስተካከለ በኋላም በየሳምንቱ ከመቶ አሥር እስከ ሃያ ያህሉን ለውጡ፤ የለወጣችሁበትን ቀን ገንዳው ጎን በወረቀት ለጥፉ። ይህን የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ስንት ጆግ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነም ንገሩት፤ ሲጠራጠር ሊጠይቃችሁ እንደሚችልም ንገሩት።